ሕግ ፍለጋ ወደ ላይደን፦ የሁለት ጃፓናውያን ተማሪዎች ታሪክ

የአንድ ሀገር ነጻነት የሚደፈረው በመድፍ ብቻ አይደለም፤ በብዕርም ይደፈራል። በዐሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት አጋማሽ የምዕራብ ኃያላን መንግሥታት ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሲስፋፉ የጦር መርከባቸው ከፊት፣ የውል ወረቀታቸው ከኋላ ሆኖ ይጓዝ ነበር። መርከቡ አስፈራርቶ መልሕቁን ነቅሎ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ግን ይቀራል፤ ቀርቶም ልጅንና የልጅ ልጅን ያስራል። ጃፓን ይህ እውነት በራሷ ላይ ደርሶ ካየችው በኋላ፣ መርከብ መሥራትና መድፍ መተኰስ የሚማሩ ወጣቶችን ብቻ ሳይሆን ሕግ የሚማሩ ሁለት ሰዎችንም መርጣ በ1862 ወደ ሆላንድ ላከች። ስማቸው ኒሺ አማኔና ጹዳ ማሚቺ ይባላል።

የእነዚህ ሰዎች ታሪክ የሁለት ትጉሃን ተማሪዎች የሕይወት ታሪክ ብቻ አይደለም። ዕውቀት ከባዕድ ሀገር ሲመጣ ማን እንደሚያመጣው፣ ማን እንደሚያዝበት፣ በመጨረሻም ለማን እንደሚደርስ የሚያሳይ ነው። ጥላው በኢትዮጵያ የዘመናዊ ሕግ ታሪክ ላይም ያረፈ በመሆኑ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ ሰው ወሬ አይሆንም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የወረቀቱ ሰንሰለት

በ1853 የአሜሪካው ኮሞዶር ማቲው ፔሪ አራት የጦር መርከቦች አስከትሎ ወደ ኤዶ፣ ማለትም ወደ ዛሬዪቱ ቶክዮ፣ ባሕረ ሰላጤ ሲገባ ጃፓንን ይገዛ የነበረው የቶኩጋዋ ቤት መሳፍንታዊ አገዛዝ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በኪዮቶ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ በክብር ተዘግቶ ይኖራል፤ ሥልጣኑ በሾጉኑ እጅ ነው። ከሾጉኑ በታች ከሁለት መቶ ሃምሳ በላይ የሆኑ መሳፍንት ግዛት ግዛታቸውን ይዘዋል። ይህን ሁሉ በጫንቃው የሚሸከመው ሩዙን ዘርቶ፣ አጭዶ፣ በግብር የሚያስረክበው ገበሬ ነው። ሥርዓቱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሩን ዘግቶ ኖሯል። ከ1635 ጀምሮ ከሀገር ወጥቶ የሚመለስ ጃፓናዊ የሚጠብቀው የሞት ፍርድ ነበር። ከአውሮፓውያን መካከል እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው ሆላንዶች ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም ከ1641 አንሥቶ በናጋሳኪ ወደብ ውስጥ ዴጂማ በምትባል ትንሽ ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ተወስነው ይኖሩ ነበር።

ፔሪ ያንኳኳውን በር ሌሎቹ ገፍተው ገቡበት። በ1858 ጃፓን ከአሜሪካ፣ ከሆላንድ፣ ከሩስያ፣ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ተከታታይ ውሎችን ፈረመች። በእነዚህ ውሎች ሁለት ነገሮች ከእጇ ወጡ። አንደኛው ወደ ሀገሯ በሚገባው ሸቀጥ ላይ ቀረጥ የመወሰን ሥልጣን ነው። ሁለተኛው፣ ይበልጥም ያንገበገበው፣ በገዛ ምድሯ ላይ በባዕዳን የመፍረድ ሥልጣን ነው። በዮኮሃማ ወደብ አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ ጃፓናዊውን ቢደበድበው ወይም ቢያታልለው ዳኛው የነጋዴው የሀገር ልጅ የሆነው ቆንስል፣ ሕጉም የእንግሊዝ ሕግ ሆነ። ያማረኛ ተናጋሪ አባቶች በፍርድ ከሄደች በቅሎ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ እንደምታስቆጭ በተረት ይናገራሉ። ጃፓናውያንን ያስቆጫቸው የጠፋው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን አቤት የሚባልበት አደባባይ መጥፋቱ ነበር።

ኃያላኑ ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት ነበራቸው። በጃፓን ተከሳሽ እየተሠቃየ እንዲናዘዝ ይደረጋል፤ ዳኛውና አስተዳዳሪው አንድ ሰው ነው፤ ውልንና ንብረትን የሚመለከት የተሟላ የተጻፈ ሕግ የለም ይሉ ነበር። ምክንያቱ የጥቅማቸው መሸፈኛ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም፤ የመረረውም ይኸው ነበር። የሾጉኑ ሹማምንት የሚፈርሙትን ወረቀት ቃሉን እንጂ መሠረቱን አያውቁትም። ባዕዳኑ ዘወትር የሚጠቅሱት የመንግሥታት ሕግ ምንድን ነው? ከየት መነጨ? የሚያስገድደው ማንን ነው? በዴጂማ በኩል በገቡት የሆላንድ መጻሕፍት አማካይነት ሕክምናን፣ ሥነ ፈለክንና የመድፍ አሠራርን ያጠኑ ጃፓናውያን ሞልተው ነበር። ሕግን ከሥሩ ያጠና ግን አልነበረም።

ደጅ ጠኚዎቹ

ኒሺና ጹዳ የተወለዱት በአንድ ዓመት በ1829 ነው። ኒሺ በምዕራብ ጃፓን በምትገኘው በጹዋኖ የመስፍኑ ሐኪም ልጅ ሲሆን፣ ለኮንፊሽየስ ትምህርት ተመርጦ የቀደሙትን መጻሕፍት ጠንቅቆ ያጠና ሰው ነው። ፔሪ ከመጣ በኋላ ግን የቀደሙት መጻሕፍት ብቻ ለአዲሱ ዘመን መልስ እንደማይሰጡ ተረዳና በ1854 ጌታውን ትቶ ወጣ። በዚያ ዘመን ያለ ፈቃድ ከጌታው የሚለይ ሳሙራይ ቀለቡንም ማዕረጉንም የሚያጣ ጥፋተኛ ነበር። ጹዳ ደግሞ የጹያማ ግዛት ሰው ነው። ሁለቱ የተገናኙት የሾጉኑ መንግሥት በ1856 ባቋቋመውና የባዕዳንን መጻሕፍት በሚመረምረው ተቋም ውስጥ በ1857 ተቀጥረው ነው። ወደ ውጭ ወጥተው እንዲማሩ ደጋግመው ደጅ ጠኑ፤ ደጋግመውም ተመለሱ።

ዕድሉ የመጣው በመርከብ ግዢ ምክንያት ነው። መንግሥቱ የጦር መርከብ ከአሜሪካ ለማሠራት፣ ከመርከቧም ጋር ተማሪዎችን ለመላክ አስቦ ነበር። ነገር ግን በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለ ተነሣ ትእዛዙ ወደ ሆላንድ ዞረ። የተላኩት ዐሥራ አምስት ሰዎች ሲሆኑ፣ የባሕር ኃይል መኰንኖች፣ ሁለት ሐኪሞች፣ ብረት አቅላጭ፣ የመርከብ አናጢ፣ የሰዓት ሠሪና መርከበኞች ይገኙባቸዋል። ሕግና የመንግሥት አስተዳደር እንዲማሩ የታከሉት ኒሺና ጹዳ ብቻ ናቸው። ከሚላከው ዕውቀት ውስጥ የሕግ ድርሻ ምን ያህል አነስተኛ እንደ ነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ1862 መጨረሻ ላይ ከናጋሳኪ ተነሥተው ወደ ጃቫ ሲያመሩ መርከባቸው ከአለት ላይ ወጥታ ተሰበረች። ነፍሳቸውን አትርፈው በሆላንድ ቅኝ ግዛት ዋና ከተማ በባቴቪያ ሌላ መርከብ ተሳፈሩ። የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞረው፣ ናፖሊዮን በግዞት በሞተባት በሴንት ሄለና ደሴት አርፈው፣ በሰኔ ወር 1863 ሆላንድ ገቡ። መኰንኖቹና የእጅ ባለሙያዎቹ ወደየሥራቸው ሲሰማሩ ሁለቱ የሕግ ተማሪዎች ወደ ላይደን ተጓዙ።

በመምህሩ ቤት

የላይደን ዩኒቨርሲቲ በ1575 የተመሠረተ ሲሆን፣ የመንግሥታት ሕግ አባት የሚባለው ሁጎ ግሮቲየስም በልጅነቱ ተምሮበታል። ሁለቱን እንግዶች የተቀበላቸው የጃፓንኛ መምህሩ ዮሐን ዮሴፍ ሆፍማን ነበር። ይህ ሊቅ ጃፓንን በዐይኑ ሳያይ ቋንቋዋን ከመጻሕፍት የተማረ ነው። ኒሺ ለሆፍማን በሆላንድኛ በጻፈው ደብዳቤ ሊማራቸው የሚፈልጋቸውን ጉዳዮች ዘርዝሯል። ከዝርዝሩ ውስጥ ሕግ፣ ፖለቲካ፣ የሀብት ሥነ ሥርዓት፣ ዲፕሎማሲ ይገኛሉ፤ ከዚያም አልፎ የዴካርትን፣ የሎክን፣ የካንትንና የሄግልን ፍልስፍና ለማወቅ ያለውን ምኞት ገልጿል። የውሉን አንቀጽ ለመረዳት የተላከ ሰው የአንቀጹን ሥር ለመቈፈር መነሣቱን ደብዳቤው ያስረዳል።

ሆፍማን ያገናኛቸው ከሲሞን ቪሴሪንግ ጋር ነው። ቪሴሪንግ የ1848ቱን የሆላንድ ሕገ መንግሥት ካረቀቀው ከቶርቤክ ቀጥሎ ወንበሩን የያዘ፣ በዘመኑ ለዘብተኛ ነጻነት ፈላጊ ከሚባሉት ወገን የሆነ መምህር ነበር። ተማሪዎቹ በመደበኛው ጉባኤ ገብተው ለመከታተል ቋንቋቸው ገና ስላልጠና፣ በሳምንት ሁለት ምሽት በግል እንዲያስተምራቸው ተስማሙ። ትምህርቱ በአምስት ክፍል የተደለደለ ነው፦ የተፈጥሮ ሕግ፣ የመንግሥታት ሕግ፣ የሀገር አስተዳደር ሕግ፣ የሀብት ሥነ ሥርዓትና ስታትስቲክስ። መምህሩ ያነባል፤ ሁለቱ ይጽፋሉ። ይህ ሁለት ዓመት ያህል ቀጠለ።

ዛሬ የእነዚህ ትምህርቶች ርእስ ለማንኛውም የሕግ ተማሪ የመጀመሪያ ዓመት እንጀራ ነው። ለኒሺና ለጹዳ ግን ዓለም የሚገለባበጥበት ነበር። በተማሩበት በቀደመው ትምህርት ሕግ ማለት የገዢው ትእዛዝና የጥፋተኛው ቅጣት ነው። ደግ ገዢ በምግባሩ ሕዝቡን ያቀናል፤ ሕጉ የሚመጣው ምግባር ሲጠፋ ነው። የቪሴሪንግ የመጀመሪያ ትምህርት ግን ሰው ሰው በመሆኑ ብቻ ከማንም ሳይቸረው የያዘው ነገር አለ ብሎ ይነሣል። የሀገር አስተዳደር ሕግ ገዢው ራሱ በሕግ እንደሚታሰር፣ ሕግ የሚያወጣ፣ የሚያስፈጽምና የሚዳኝ አካል እንደሚለያይ ያስረዳል። የመንግሥታት ሕግም ትልቁና ትንሹ መንግሥት በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። ከጌታው በመለየቱ ጥፋተኛ ተብሎ የነበረው ኒሺ ይህን ቃል ሲጽፍ ምን ተሰምቶት ይሆን!

ትምህርቱ ከሚሰጥበት ክፍል ውጭ ያለው ዓለም ግን ሌላ ይናገር ነበር። ተማሪዎቹ ያለፉባት ጃቫ ገበሬዋ ለሆላንድ ግምጃ ቤት ቡናና ሸንኰራ እንዲያመርት የሚገደድባት ምድር ነበረች። ይህንኑ ግፍ ሙልታቱሊ በተባለ የብዕር ስም የታወቀው ደራሲ በ1860 ባሳተመው «ማክስ ሃቬላር» በተሰኘው ልብ ወለድ አጋልጦት ሀገሩን አነጋግሯል። በሱሪናምና በሌሎቹ የምዕራብ ቅኝ ግዛቶች የሆላንድ መንግሥት ባርነትን የሻረው ሐምሌ 1 ቀን 1863፣ ተማሪዎቹ በገቡ በሳምንታት ውስጥ ነው። ይባስ ብሎ በመስከረም ወር 1864 የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሆላንድና የአሜሪካ መርከቦች አንድ ላይ ሆነው የጃፓንን የሺሞኖሴኪ ምሽጎች ደበደቡ። መነሻው የቾሹ መስፍን ወታደሮች በ1863 በሰርጡ በሚያልፉ የባዕዳን መርከቦች ላይ መተኰሳቸው ነው። ኃያላኑ መድፉ ካበቃ በኋላ ሦስት ሚሊዮን ዶላር ካሣ አስፈረሙ። መምህሩ ስለ መንግሥታት እኩልነት በሚያነብበት በዚያው ዓመት የመምህሩ ሀገር መርከቦች የተማሪዎቹን ሀገር ይደበድቡ ነበር። ሕግ የደካማ ጋሻ ይሆናል ወይስ የኃያል መሣሪያ? ይህ ጥያቄ ከላይደን ደብተሮች ውስጥ ባይጻፍም ከሁለቱ ሰዎች ጋር አብሮ ወደ ሀገር ተመልሷል።

መርከቧና ደብተሩ

ኒሺና ጹዳ በ1865 መጨረሻ ላይ ከሆላንድ ተነሥተው በ1866 መጀመሪያ ዮኮሃማ ገቡ። ጥለውት የሄዱት ሥርዓት መሠረቱ ተናግቶ፣ የቾሹና የሳጹማ መሳፍንት በሾጉኑ ላይ ተነሥተው ጠበቋቸው። የመጨረሻው ሾጉን ቶኩጋዋ ዮሺኖቡ በኅዳር ወር 1867 ሥልጣኑን ለንጉሠ ነገሥቱ መመለሱን ሲያስታውቅ ሁለቱም ለሀገሪቱ አዲስ የመንግሥት አቋም የሚሆን ረቂቅ አዘጋጁ። የኒሺ ረቂቅ ሥልጣንን ይከፋፍላል፤ ሁለት ምክር ቤቶችንም ያቋቁማል። ይሁን እንጂ ሁሉን የሚመራው ሾጉኑ ሲሆን፣ በላይኛው ምክር ቤት የሚቀመጡት መሳፍንቱ፣ በታችኛውም የሚቀመጡት የየግዛቱ ሳሙራዮች ናቸው። ሩዝ የሚዘራው ገበሬ ቦታ አልነበረውም። ከላይደን የመጣው ሐሳብ የፊውዳሉን ቤት ጣራ ለመጠገን ዋለ እንጂ በሩን ለሕዝብ አልከፈተም። ለመጠገንም አልበቃ፤ በ1868 ቤቱ ራሱ ፈረሰ።

በዚያ ሁከት መካከል ግን ደብተሮቹ መጽሐፍ ሆኑ። በ1868 የኒሺ የመንግሥታት ሕግ ትርጉምና የጹዳ የምዕራባውያን የሀገር አስተዳደር ሕግ ትርጉም ታተሙ። የተፈጥሮ ሕጉ በ1871፣ ስታትስቲክሱ በ1874 ተከተሉ። ጹዳ የተረጐመው መጽሐፍ በጃፓንኛ ስለ ምዕራባውያን ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓት በተሟላ ሁኔታ የተጻፈ የመጀመሪያው ነበር።

በአንጻሩ የጉዞው ሁሉ ዋና ምክንያት የነበረችውን የጦር መርከብ ዕድል መመልከት ያስፈልጋል። ካይዮ ማሩ የተባለችው ይህች መርከብ በዶርድሬክት ተሠርታ በ1867 ጃፓን ደረሰች። አዛዥዋ ከዐሥራ አምስቱ ተማሪዎች አንዱ የነበረው ኤኖሞቶ ታኬአኪ ነው። ሾጉኑ ሲወድቅ ኤኖሞቶ አልገዛም ብሎ መርከቦቹን ይዞ ወደ ሰሜን ሸሸ፤ በዚያም በ1868 መጨረሻ ላይ ካይዮ ማሩ በኤሳሺ ወደብ አጠገብ በማዕበል ተመትታ ሰጠመች። ያን ያህል ወርቅ የፈሰሰባት መርከብ በጃፓን ውኃ ላይ ሁለት ዓመት እንኳ አልቈየችም።

ከኤኖሞቶ ሻንጣ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነበር። በሆላንድ ሳለ ከባሕር ኃይል ትምህርቱ ጋር ስለ ባሕር ሕግ የሚናገረውን የፈረንሳዊውን የኦርቶላንን ሥራ አጥንቶ፣ የሆላንድኛውን የእጅ ጽሑፍ ቅጂ ይዞ መጥቷል። በ1869 በሃኮዳቴ ምሽግ ተከብቦ መሞቻውን በሚጠብቅበት ሰዓት ያን ጽሑፍ ለከበበው ጦር አዛዥ ለኩሮዳ ኪዮታካ ላከለት፤ ለሀገር የሚጠቅም ስለሆነ ከእርሱ ጋር ይቃጠል ዘንድ አልወደደም። ኤኖሞቶ እጁን ከሰጠ በኋላ ኩሮዳ ሕይወቱ እንዲተርፍ አጥብቆ ተሟገተለት። በ1872 ምሕረት አገኘ። ቈይቶም ወደ ሩስያ መልእክተኛ ሆኖ ሄዶ፣ በ1875 የሳካሊንንና የኩሪል ደሴቶችን ጉዳይ የወሰነውን ውል ተደራድሮ ፈረመ። መርከቧ ሰጠመች፤ ደብተሩ ሰውየውን አተረፈው፤ ሰውየውም በተራው ለሀገሩ ውል ተዋዋለበት።

የቃል ምጥ

ከባዕድ ሀገር የሚመጣ ሕግ በመጀመሪያ የሚንኳኳው በቋንቋ በር ላይ ነው። ኒሺና ጹዳ በሆላንድኛ «ሬክት» ብለው የጻፉት ቃል በጃፓንኛ ስም አልነበረውም። ግዴታ አለ፤ ምሕረት አለ፤ ትእዛዝ አለ፤ አንድ ተራ ሰው በሌላው ሰው ላይ፣ አልፎም በመንግሥት ላይ «ይገባኛል» የሚልበት ግን የለም። ከቻይና በመጣ የመንግሥታት ሕግ ትርጉም ውስጥ ተገኝቶ በእነ ኒሺና ጹዳ ብዕር የጸናው «ኬንሪ» የሚለው ቃል ከሁለት ምልክቶች የተሠራ ነው፤ አንደኛው ሥልጣን፣ ሁለተኛው ጥቅም ማለት ነው። እውነትና ቅንነት የሚለው የሆላንድኛው ቃል ትርጉም በመንገድ ላይ ቀረ። «ፍልስፍና» ለማለት ዛሬ በጃፓን ብቻ ሳይሆን በቻይናና በኮሪያም የሚነገረውን ቃል የፈጠረው ይኸው ኒሺ ነው።

የቃል ምጥ ከመጽሐፍ ቤት ወጥቶ ወደ ሹማምንቱ ጉባኤ ሲገባ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ1870 ሚጹኩሪ ሪንሾ የተባለው ተርጓሚ የፈረንሳይን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲተረጕም «ሚንኬን»፣ ማለትም «የሕዝብ ሥልጣን» የሚል ቃል አቀረበ። ሹማምንቱ ተቈጡ። ሕዝብ ሥልጣን አለው ማለት ምን ማለት ነው አሉ። ሊቀ መንበሩ ኤቶ ሺምፔ ግን ቃሉ አይሙትም አይዳንም፣ እንዲሁ ይቀመጥ፤ አንድ ቀን የሚያስፈልግበት ጊዜ ይመጣል በማለት ክርክሩን አበረደው። ጊዜው ደግሞ ከታሰበው ቀድሞ መጣ።

የዘሩትና የበቀለው

ሁለቱ የላይደን ተማሪዎች ከተመለሱ በኋላ በአንድ ጐዳና አልሄዱም። ጹዳ በ1874 እርሱም ኒሺም አባል በነበሩበት የምሁራን ማኅበር መጽሔት ላይ ተከሳሽን እያሠቃዩ ማናዘዝን የሚያወግዝ ጽሑፍ አወጣ። ማሠቃየት እስካልቀረ ድረስ ጃፓን ከኃያላኑ ጋር እኩል ሕግ አለኝ ልትል እንደማትችል ተከራከረ። በ1873 ለሕግ ማስተማሪያ የመጣው ፈረንሳዊው ጉስታቭ ቧሶናድም በ1875 በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ የሚሠቃይ ሰው አይቶ አቤቱታውን አቀረበ። በ1876 ፍርድ በማስረጃ እንጂ በኑዛዜ ብቻ እንዳይሰጥ ታዘዘ፤ በ1879 ማሠቃየት በሕግ ቀረ። በላይደን ምሽት የተጻፈ ቃል የሰውን ሥጋ ከጅራፍ አዳነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኒሺ ደግሞ ወደ ጦር ሚኒስቴር ገባ። በ1878 ለወታደሮች የወጣውን ምክር፣ ቀጥሎም በ1882 ንጉሠ ነገሥቱ ለጦሩ የሰጡትን ትእዛዝ የመጀመሪያ ረቂቅ የጻፈው እርሱ ነው። ፍጹም ታዛዥነትን የሚሰብከው ይህ ትእዛዝ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ድረስ የጃፓን ወታደር የሃይማኖት ድርሳን ሆኖ ቈየ። ሰው ሰው በመሆኑ የያዘው መብት አለ የሚለውን ትምህርት በእጁ የጻፈ ሰው፣ በዚያው እጁ ለዚህ ሰነድ ረቂቅ አቀረበ። ዕውቀት የገዢ መደብ ደመወዝተኛ በሆነ ጊዜ የሚደርስበት ዕጣ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻውም።

ነገር ግን ቃል ከጌታው አምልጦ ይሄዳል። በ1874 ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ይቋቋም የሚል አቤቱታ ቀርቦ የሕዝብ መብት እንቅስቃሴ ሲነሣ፣ ሹማምንቱ የተቈጡበት ያ ቃል በየገበያውና በየመንደሩ ይነገር ጀመር። በ1881 ከቶክዮ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በተራራማዋ ኢጹካይቺ ቺባ ታኩሳቡሮ የተባለ መምህር ከመንደሩ ወጣቶችና ገበሬዎች ጋር ተሰብስቦ፣ አጥንቶ፣ ተከራክሮ 204 አንቀጾች ያሉት የሕገ መንግሥት ረቂቅ ጻፈ። አብዛኛዎቹ አንቀጾች ስለ ሕዝብ መብት የሚናገሩ ናቸው። ረቂቁ ሥራ ላይ አልዋለም። በአንድ የገጠር ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀብሮ ቈይቶ በ1968 የታሪክ ተመራማሪዎች አገኙት። እነዚያ መንደርተኞች ላይደንን አላዩም፤ የላይደኑን ቃል ግን ከሁለቱ ተማሪዎች ይልቅ በሙሉ ልብ ተቀብለውት ነበር።

ሐሳቡን ወስኖ የሄደው ተማሪ

መንግሥቱ ለዚህ እንቅስቃሴ የሰጠው መልስ ሌላ የሕግ ተማሪ ወደ ውጭ መላክ ነበር። ኢቶ ሂሮቡሚ በ1882 ወደ አውሮፓ ሄዶ በበርሊን ከግናይስትና ከረዳቱ ከሞሴ፣ በቪየና ከሎሬንዝ ፎን ሽታይን ተማረ። ኒሺና ጹዳ የሄዱት ያላወቁትን ለማወቅ ነው። ኢቶ የሄደው አስቀድሞ ለወሰነው ነገር መምህር ለመምረጥ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከሁሉ በላይ የሚሆንበትን፣ ምክር ቤቱም የሚወሰንበትን የፕሩስያ ዓይነት ሥርዓት። የካቲት 11 ቀን 1889 የወጣው ሕገ መንግሥት ከንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝቡ የተሰጠ ችሮታ ሆኖ ታወጀ። ንጉሠ ነገሥቱ ቅዱስና የማይደፈር ነው፤ የተገዢዎቹ መብት በሕግ በተወሰነው መጠን ነው። በ1890 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት የነበረው ዐሥራ አምስት የን ግብር የሚከፍል ወንድ ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከሕዝቡ መቶኛ አንድ ያህሉ ነበር። ጹዳ በዚያ ምርጫ ተመርጦ የመጀመሪያው ምክትል አፈ ጉባኤ ሆነ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉም እንዲሁ ፈተና ገጠመው። ቧሶናድ ያረቀቀው ሕግ በ1890 ከታወጀ በኋላ ከሀገር ልማድ ጋር አይስማማም የሚል ክርክር ተነሥቶ በ1892 ታገደ፤ በምትኩ ሌላ ተዘጋጅቶ በ1898 ሥራ ላይ ዋለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ ነው። ሆኖም ዋናው ግብ ተመታ። በ1894 ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው አዲስ ውል መሠረት በ1899 የቆንስል ችሎት ከጃፓን ምድር ጠፋ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን ጃፓን የራሷ ሰንሰለት ሳይፈታ በ1876 በመርከብ አስፈራርታ ኮሪያን የካንግህዋን ውል አስፈረመቻት። በዚያ ውል ውስጥ በኮሪያ ወደቦች ጥፋት የሚፈጽም ጃፓናዊ በጃፓን ሹም ይዳኛል የሚል አንቀጽ አለ። የውሉ አሠራር በደንብ ተጠንቶ ነበር ማለት ነው። ሕግን እንደ መሣሪያ ብቻ የተማረ የተጫነበትን ቀንበር ሰብሮ አይጥለውም፤ ለጎረቤቱ ጫንቃ ያስተካክለዋል።

ጥላው በኢትዮጵያ

ሕግን ከውጭ ማምጣት ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። ለብዙ ዘመን የፍርድ መሠረት የነበረው ፍትሐ ነገሥት ከግብጽ ዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። ሕዝቡም ሙግት ያውቃል፤ በዛፍ ጥላ ሥር «በላ ልበልሃ» እያለ ሲከራከር የኖረ፣ መንገደኛውን «በሕግ አምላክ» ብሎ የሚያቆም ሕዝብ ነው። የዐድዋ ድል ሀገሪቱን ከቅኝ ግዛት ቢያድናትም ከወረቀቱ ሰንሰለት ግን ሙሉ በሙሉ አላዳናትም። ጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውና በፈራሚው በክሎቡኮውስኪ ስም የሚጠራው ውል የውጭ ዜጎችን ክስ በቆንስሎች እጅ አስገብቷል። ጃፓን በ1858 የተጨነቀችበት ጭንቀት በሌላ መልክ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር።

የዘመኑ ኢትዮጵያውያን ምሁራን ዐይናቸውን ወደ ጃፓን ማዞራቸው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በሩስያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁትና ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት አርአያው የ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1931 ወደ ጃፓን ተልከው፣ ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ቈይቶም ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» በማለት ጠየቁ።

ነገር ግን የተወሰደው የትኛው ጃፓን ነው? የተወሰደው የኢቶ ሰነድ ነው እንጂ የኢጹካይቺ መንደርተኞች ረቂቅ አይደለም። ከዚያም ላይ ተቀንሶ ነው የተወሰደው። የጃፓኑ ሕገ መንግሥት ቢያንስ አንዱን ምክር ቤት ለመራጮች ትቶ ነበር። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በሚል ምክንያት የምክር ቤቱን አባሎች መምረጥ ለመኳንንቱና ለሹማምንቱ ሰጠ። የሕዝቡን ብቃት የሚወስነውም ያው ገዢው ነበር።

የቃሉም ምጥ አልቀረም። «መብት» የሚለው የአማርኛ ቃል ሥልጣንና ፈቃድ ከሚለው ከግእዙ «መባሕት» ጋር የተዛመደ ነው። ጃፓናዊው መብትን ሥልጣንና ጥቅም ብሎ ሲሰይም፣ የአማርኛውም ቃል ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ፈቃድ ሽታ አለው። ሁለቱም ሕዝቦች ሰው ሲወለድ ይዞት የሚመጣውን ነገር ገዢ በሚሰጠው ነገር ስም ጠሩት። ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። በፈረንሳይኛ የተረቀቁት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫና የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ተርጓሚዎቹ የገቡበት ምጥ ከሚጹኩሪ ምጥ አይለይም። በሀገር ውስጥ የሕግ ፋኩልቲ እስከ ተከፈተበት እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በሕግ ዲግሪ የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት፤ ሲመለስም በባዕድ ቋንቋ የተማረውን ለባላገር ዳኛና ለባላገር ተሟጋች በሚሰማ ቃል የመንገር ዕዳ ተሸክሞ ነው።

ከኒሺና ከጹዳ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ወደ ውጭ ሄዶ መማር ይጠቅማል ወይስ ይጐዳል የሚል ተራ ጥያቄ አይደለም። ያለ ላይደን ጹዳ ማሠቃየትን ባላወገዘ፣ ኤኖሞቶም ውል ባልተደራደረ ነበር። ጥያቄው ተማሪው ሲመለስ ደብተሩን ለማን ይከፍታል የሚለው ነው። ኒሺ በ1897፣ ጹዳ በ1903 ሲሞቱ ሁለቱም የባሮንነት ማዕረግ ተቀብለው ነበር። የኢጹካይቺው መምህር ቺባ ግን ማዕረግም ሐውልትም ሳይኖረው በሠላሳ አንድ ዓመቱ በ1883 ሞቷል። የመንደሩ ሰዎች እየተከራከሩ የጻፉት ረቂቅ ሰማንያ ዓመት በላይ በዕቃ ቤት ቈይቶ ሲገኝ፣ ሕግ ፍለጋ ባሕር የተሻገሩት ሰዎች ያመጡት ዘር ከሁሉ በተሻለ የበቀለው በየትኛው ማሳ ላይ እንደ ነበር ታወቀ።